ከኮንጋ ወደ ጃፓን፤ ስለ ማዕድ፣ ስለ በዓልና ስለ ሽርሽር

ከኮንጋ አንዲት እናት በዘመድ እጅ አጽፈው የላኩት ደብዳቤ በዚህ ወር ደርሶኛል። ልጃቸው በዲላ ትምህርቷን ፈጽማ የጃፓን መንግሥት የሚሰጠውን ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታለች። አባትየው ግን «በዚያ አገር ጾሟን ከምትፈታ እዚሁ ቡና ትልቀም» ብለው ቍርጥ ቃል ተናግረዋል። እናትየው በልጃቸው ዕንባና በባላቸው ቃል መካከል ቢጨነቁ «እርስዎ እዚያ ኖረው መጥተዋልና ይንገሩን፤ የሚበሉት ምንድን ነው? በዓልስ አላቸው ወይ? ልጄ ማንን ይዛ ትውላለች?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ መልሱን በዚህ ዓምድ መስጠት ተገቢ ሆኖ ታየኝ።

በእርግጥም ለመምህራን በሚሰጠው የሥልጠና ዕድል አንድ ዓመት ከመንፈቅ በዚያ አገር ተቀምጫለሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው አገሩን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም። ያንን ሥራ ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች ቀድመው ሠርተውታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1931 መጨረሻ ወራት የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ጃፓንን ጐብኝተው፣ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው አሳትመው አስነብበዋል። ከዚያም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም. በይፋ ጐብኝተውታል። አበበ ቢቂላም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የማራቶንን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ አሸንፎ፣ ከድሉ በኋላ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሕዝቡ በአድናቆት ተመልክቶታል። ዛሬም ዕድሜው የገፋ ጃፓናዊ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ሲባል ቶሎ «አበበ!» ይላል። እንግዲህ ልጅቱ የምትሄደው ስማችን ወዳልተሰማበት አገር አይደለም።

ከምግቡ ልጀምር። የጃፓን ሰው የዘወትር ማዕድ ሩዝ ነው። እኛ እንጀራን እንደ ምግብ ሁሉ መጠሪያ አድርገን «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» እንደምንል፣ በእነርሱም ቋንቋ ሩዝና ምግብ የሚጠሩበት ቃል አንድ ነው፤ «ጎሃን» ይሉታል። ከሩዙ ጋራ ከአኩሪ አተር ተብላልቶ በተሠራ ሊጥ የሚዘጋጅ «ሚሶ» የሚባል ሾርባ ይቀርባል፤ ጥቂት የተቀመመ አትክልትም አይታጣም። ይህን የሰማ ጿሚ ሁሉ «የጾም አገር ነው!» ብሎ ሊደሰት ይችላል። ዳሩ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በሾርባው ውስጥ «ዳሺ» የሚባል መረቅ አለ፤ ዳሺ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከደረቀ ዓሣ ነው። ዓሣው እንደ እንጨት እስኪጠነክር ደርቆ፣ እንደ ፍቅፋቂ ተልጎ በፈላ ውኃ ይነከራል፤ ከዚያም ተጠልሎ ይጣላል። ስለዚህ በሳሕኑ ላይ ዓሣ አይታይም፤ መረቁ ግን አለበት። በአትክልት ወጡ፣ በባቄላው፣ በቀጭን ፓስታ መሰሉ ምግብ መረቅ ውስጥ ሁሉ ይገባል።

በዓሣ ነገር እኔ ፍርድ አልሰጥም፤ ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ከንስሐ አባቷ ጋራ ተነጋግራ የሚሏትን ይዛ ትሂድ። አባቶች «ተዪ» ካሏት ግን ልትተው የምትችልበት መንገድ አለ፤ እርሱን እነግራችኋለሁ። ዳሺ ከዓሣ ብቻ አይሠራም፤ «ኮምቡ» ከሚባል የባሕር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይም ይሠራል። የቡድሃ መነኰሳት ሥጋና ዓሣ ስለማይበሉ በገዳሞቻቸው ለብዙ መቶ ዓመታት ያበሰሉት በዚህ መረቅ ነው። ማብሰያቸውም «ሾጂን ሪዮሪ» ይባላል። ሥጋ የለበትም፤ ዓሣ የለበትም፤ ዕንቍላልና ወተት የለበትም፤ ከእኛም አልፈው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይከለክላሉ። ያለ ሽንኩርት ወጥ እንዴት ይሠራል ብላችሁ የምትገረሙ እመቤቶች እንደማትጠፉ አውቃለሁ፤ እኔም የተገረምሁ ነኝ። ቢሆንም «ሾጂን» የሚለውን አንድ ቃል ማወቅ ለጿሚ ትልቅ ስንቅ ነው። «ሥጋ አልበላም» ያለውን እንግዳ ምግብ ቤቱ በዓሣ ያስተናግደዋል፤ በእነርሱ ቋንቋ ሥጋ ማለት ዓሣን አይጨምርምና። «ሾጂን» ያለውን ግን አሳላፊው ወዲያው ይረዳዋል።

ከሱቅ በሚገዛው የታሸገ ምግብ ረገድ ደግሞ የአገሩ ሕግ ሳያስበው ለእኛ ሠርቶልናል። ዕንቍላልና ወተት አንዳንድ ሰዎችን ስለሚያሳምሙ፣ በማናቸውም የታሸገ ምግብ ላይ መኖራቸው እንዲጻፍ ሕጉ ያዛል። ልጅቱ «ታማጎ» የሚለውን የዕንቍላል ቃልና የወተትን ምልክት በመጀመሪያው ሳምንት ብታጠና፣ በሱቅ መደርደሪያ ፊት ቆማ የጾሙን ከፍስኩ ትለያለች። ዳቦውን ግን ትጠንቀቅ፤ አብዛኛው ወተት ወይም ቅቤ አለበት። «ቴምፑራ» የሚባለውም የአትክልት ጥብስ ብዙ ጊዜ በዕንቍላል የተለወሰ ነው።

አሁን ለኮንጋዋ እናት ደስ የሚያሰኝ ነገር ልንገር። በጌዴኦ ጓሮ ከእንሰቱ ሥር የምናበቅለው ጎደሬ በጃፓን አገር አለ! «ሳቶ ኢሞ» ይሉታል። ከእኛው ያንሳል እንጂ ያው ተክል ነው። ልጠው በአኩሪ አተር ቅመም ይቀቅሉታል። ስኳር ድንችም አለ፤ በክረምታቸው ማታ ማታ ሻጩ በጋለ ጠጠር ላይ የተጠበሰውን ስኳር ድንች በመኪና ጭኖ፣ ዜማ ባለው ድምፅ ስሙን እየጠራ በየመንደሩ ይዞራል። በእጅ ሲይዙት ያሞቃል፤ ሲበሉት ያጠግባል፤ የጾምም ምግብ ነው። ከአኩሪ አተር ወተት እንደ አይብ የሚረጋው «ቶፉ» በየሱቁ በርካሽ ይገኛል፤ በበርበሬና በሽንኩርት ሲጠበስ ደግሞ የጾም ጥብስ ይወጣዋል። ይህን የምለው ሠርቼ ስለበላሁት ነው።

«ናቶ» የሚባለውን ግን ለብቻው ላንሣው። አኩሪ አተሩ ይቀቀልና በሙቀት ታፍኖ እስኪያዝግና እስኪሸት ይቀመጣል። በጥንቱ ልማድ በሩዝ አገዳ ይጠቀለል ነበር። ሲያነሡት እንደ ሸረሪት ድር ይሳባል፤ ሽታውም የውጭ አገሩን ሰው ሁሉ ያባርረዋል። በመኖሪያ ቤታችን ከልዩ ልዩ አገር የመጣን መምህራን ነበርን፤ ብዙዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲሸሹ እኔ ቁጭ ብዬ በላሁ። ከእንሰት አገር የመጣ ሰው፣ ጉድጓድ በቅጠል ለብዶ ቆጮ ሲቀበርና ወር ሙሉ ሲብላላ ያየ ሰው፣ በናቶ ምን ይደነግጣል? ከመሬት ሲወጣ በሚሸትና በእሳት ላይ ሲጣፍጥ በሚያውቀው ነገር ያደገች ልጅ በማዕዳቸው ላይ ከአዲስ አበባ ልጆች ይልቅ ቶሎ እንደምትለምድ አልጠራጠርም። ናቶ ርካሽ ነው፤ ኀይል ይሰጣል፤ ጾምም ነው። ከጥቅሉ ጋራ የምትመጣው ትንሽ የቅመም ከረጢት ግን ብዙ ጊዜ የዓሣ መረቅ ስላለባት ወደ ጎን ትደረጋለች።

የማዕዱ ሥርዓት ከእኛ ጋራ በአንዳንዱ ይገናኛል፤ በአንዳንዱም ይለያያል። ሲቀመጡ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ «በትሕትና እቀበላለሁ» እንደ ማለት ነው። ልጅቱ በዚያች ቅጽበት አቡነ ዘበሰማያት ብትል ማንም አይገረምባትም፤ እንዲያውም ጸጥ ብሎ የሚያጐነብስን ሰው ያከብራሉ። ዕቃ ሲሰጡም ሲቀበሉም በሁለት እጅ ነው፤ ይህን እናቷ አስተምራታለችና አዲስ አይሆንባትም። ቤት ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፤ እኛ በቤተ መቅደስ የምናደርገውን እነርሱ በየቤታቸው ያደርጉታል። የሚበሉበትን ሁለት ቀጭን እንጨት በሩዙ ላይ አቁሞ መትከል ግን ክልክል ነው፤ ለሞተ ሰው የሚቀርበው ሩዝ እንዲያ ስለሚደረግ ነው። ምግብ ከእንጨት ወደ እንጨት ማቀባበልም አይገባም፤ ይህ ደግሞ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ዘመድ አዝማድ አጥንቱን የሚለቅምበት ሥርዓት ነው። ስለዚህ ጉርሻ የለመደ ኢትዮጵያዊ በፍቅር ተነሣሥቶ በእንጨቱ ለጎረቤቱ ላቀብል ቢል ማዕዱ በሙሉ ዝም ይላል። ጉርሻ በእጃችን፣ በቤታችን ይሁን።

የረቡዕና የዓርብ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቈየቱ በትምህርት ቤት የሚያስቸግር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ያስቸገረኝ ረኃቡ አልነበረም። ሁሉም በቀትር ስድስት ሰዓት በአንድነት ስለሚበላ፣ ብቻውን የቀረው ሰው «ታመሃል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። አንድ ጊዜ በቅን ቃል «በሃይማኖቴ የጾም ቀን ነው» ብሎ መናገር ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ቀኑን ቈጥረው «ዛሬ ዓርብ ነው» እያሉ ያስታውሳሉ። ያልተናገረ ግን በየሳምንቱ ሰበብ ሲፈጥር ይኖራል። ይህን ነገር አባትየው ልብ ብለው ቢያነቡልኝ እወዳለሁ። ጾምን የሚያስፈታው የምግብ እጦት አይደለም፤ እፍረት ነው። ልጅቱ ለመናገር የማታፍር ከሆነች ጾሟን ትጠብቃለች፤ የምታፍር ከሆነች ግን እንኳን ቶኪዮ፣ አዋሳም ያስፈታታል።

ስለ በዓል ደግሞ እነሆ። ጃፓኖች ከ1873 ጀምሮ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለሚሄዱ ዘመን የሚለውጡት በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን ነው። በዋዜማው እኩለ ሌሊት የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ደወል 108 ጊዜ ይመታል፤ የሰውን 108 ክፉ ምኞቶች ለማራቅ ነው ይላሉ። ከዚያ ሦስት ቀን ያህል አገር ጸጥ ይላል፤ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። «ሞቺ» የሚባለውን በእንፋሎት የበሰለ ሩዝ በእንጨት ሙቀጫ ወቅጠው እንደ ማስቲካ እስኪለጠጥ ያደርሱታል። ሙቀጫው ከእኛው ጋራ መንታ ይመስላል። ሞቺ ግን በጉሮሮ ስለሚጣበቅ በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ሽማግሌዎችን እያነቀ ለሞት ያደርሳል፤ ልጅቱ ቀስ ብላ ታላምጥ። ለልጆችም በትንሽ ፖስታ ገንዘብ ይሰጣሉ። የእኛ ልጆች አበባ ይዘው ዞረው የሚያገኙትን፣ የእነርሱ ልጆች ያለ አበባ ያገኙታል።

የልደት ነገር ግን የሚያስደንቅ ነው። ክርስቲያን ከመቶ አንድ ያህል በሆነበት በዚያ አገር፣ የፈረንጆች ልደት ሲደርስ ከተማው ሁሉ በመብራት ያሸበርቃል። ሕዝቡ በዚያ ምሽት የተጠበሰ ዶሮና እንጆሪ ያለበት ኬክ ይበላል፤ ቀኑ ግን የሥራ ቀን ነው። ለእኛ ያ ቀን ታኅሣሥ 16 ነውና ገና በጾመ ነቢያት ውስጥ ነን። ጎረቤት «መልካም ልደት» ብሎ ዶሮ ይዞ በር ሲያንኳኳ ክርስቲያኑ «እኔ አልበላም» ይላል! ይህን ለማስረዳት እኔ ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ቆይቶ የእኛ ልደት ታኅሣሥ 29 ሲውል፣ በዚያው ቀን ጃፓኖች ደግሞ በዘመን መለወጫ በልተው የከበደውን ሆዳቸውን ለማሳረፍ በሰባት ዐይነት ቅጠላ ቅጠል የተሠራ የሩዝ ገንፎ ይበላሉ። «ናናኩሳ ጋዩ» ይባላል። እነርሱ ሲበሉ እኛ ስንጾም፣ እኛ ስንገድፍ እነርሱ በቅጠል ገንፎ። በቀኑ ትምህርት አለ፤ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አስቀድሞ በጽሑፍ ከተጠየቀ ግን ብዙውን ጊዜ አይከለከልም።

ትንሣኤ እሑድ በመሆኑ ይሻላል። የኢትዮጵያና የጃፓን ሰዓት በስድስት ሰዓት ይለያያል። እዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚያ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። በቶኪዮ የካጹሺካ ወረዳ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ እዚያ የደረሰ ሰው በእንዲህ ያለ ቀን ብቻውን አይሆንም። ቅዱስ ቍርባንን በተመለከተ ከእኛ ጋራ በአንድ እምነት ያለችው የግብጽ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በኪዮቶ አውራጃ በኪዙጋዋ ከተማ በቅድስት ማርያምና በቅዱስ ማርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን አላት፤ በ2017 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ፓትርያርኩ አቡነ ታዋድሮስ ሁለተኛ ራሳቸው ሄደው ባርከዋታል። በቶኪዮ መካከል ጉልላቱ ከፍ ብሎ የሚታየው የትንሣኤ ካቴድራል ደግሞ የሩስያው ሚስዮናዊ ቅዱስ ኒኮላስ ያሠሩትና በ1891 የተፈጸመ ነው። የኬልቄዶንን ጉባኤ በተቀበሉት ወገን ስለ ሆነ እዚያ ቅዳሴውን መስማት ይቻላል፤ መቍረብ ግን በእኛ ሥርዓት አልተፈቀደም። ሻማ አብርቶ ለመውጣት ግን የሚከለክል የለም፤ በባዕድ አገር ሥዕለ ማርያም ባለበት ግድግዳ ፊት መቆም ምን እንደሆነ የቆመበት ያውቀዋል።

በነሐሴ ወር «ኦቦን» የሚባል በዓል አላቸው። የሙታን ነፍሳት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ብለው ፋኖስ ያበራሉ፤ መቃብር ያጥባሉ፤ በመንደሩ አደባባይም ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ። በብዙው ቦታ ከነሐሴ 7 እስከ 10 ይውላል፤ ይህም ጾመ ፍልሰታ ነው። መቃብር ማጠብና ዘመድን ማሰብ ከእኛ ተዝካር ጋራ የሚቀራረብ ስለሚመስል፣ «ብሄድ ምን አለበት?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ጭፈራውን ቆሞ ማየት፣ ከጎረቤት ጋራ መሳቅ፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት ሰውነት ነው፤ ለሙታን በተዘረጋው ማዕድ ፊት መስገድና ማጠን ግን የእኛ አይደለም። በኪዮቶ በሐምሌ የሚከበረው የጊዮን በዓልም እንዲሁ ነው። በ869 በአውሮፓውያን አቈጣጠር መቅሠፍት ገብቶ ሕዝቡ ሲያልቅ ለምሕላ የተጀመረ ነው። ታላላቅ ሠረገላዎች በሕዝብ ገመድ እየተሳቡ በከተማው መካከል ሲያልፉ ያየ የጥምቀትን አጀብ ማስታወሱ አይቀርም። ነገር ግን ይህ በዐይን መመሳሰል ብቻ ነው።

ወደ ሽርሽሩ ልለፍ። ከሁሉ የሚበልጠው ሽርሽር «ሃናሚ» ነው፤ «አበባን ማየት» ማለት ነው። በመጋቢት ማለቂያ ገደማ «ሳኩራ» የሚባለው ዛፍ ቅጠል ሳያወጣ በአበባ ይሸፈናል። ከደቡብ ወደ ሰሜን እያለ በየከተማው የሚፈካበት ቀን አስቀድሞ እንደ ዝናብ ትንበያ በዜና ይነገራል። ሰዎች በጠዋት ሄደው ከዛፉ ሥር ሰማያዊ ሸራ ዘርግተው ቦታ ይይዛሉ፤ ምሳቸውንም «ቤንቶ» በሚባል ባለ ክፍልፋይ ሣጥን ቋጥረው ይመጣሉ። አበባው ሙሉ ሆኖ የሚቈየው አንድ ሳምንት ያህል ነው፤ ከዚያም ነፋስ ሲነካው ይረግፋል። ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይውላል፤ ስለዚህ ልጅቱ የራሷን ሣጥን ቋጥራ ትሂድ፤ ሩዝ፣ ጎደሬና የተቀመመ አትክልት ቢሆን አምሮ ይታያል። በስብሰባው መጠጥ አይጠፋም፤ ልማዳቸው አንዱ ለሌላው መቅዳት እንጂ ለራስ መቅዳት አይደለም። የማይጠጣ ሰው ጽዋውን ሻይ ሞልቶ ቢያስቀምጥ አይደገምበትም።

የጃፓን ሰው ስለዚህች አበባ ሲናገር «ከዚህ የሚመስል በአገርህ አለ?» ይላል። አለ እንጂ! የበልግ ዝናብ በጣለ በሳምንቱ በኮንጋ ኮረብታዎች ላይ ቡናው በአንድ ሌሊት ነጭ ሲለብስ፣ መዐዛው ከመንገድ ሲያውድ፣ በሁለት በሦስት ቀንም ውስጥ ሲጠወልግ እነሆ የእኛ ሃናሚ። ልዩነቱ እኛ ከሥሩ ሸራ ዘርግተን አለመቀመጣችን ነው፤ ምናልባት አረም ስለሚጠብቀን ይሆናል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር ከእነ እንሰቱ፣ ከእነ ቡናውና ከእነ ትክል ድንጋዮቹ በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ስለዚህ ልጅቱ ስለ አገሯ ስትጠየቅ የምትለው አታጣም።

ቡናን ካነሣሁ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በጃፓን የኢትዮጵያ ቡና ከጥንት ጀምሮ «ሞካ» እየተባለ ይሸጣል፤ የየመን ወደብ ስም ነው። ዛሬ ግን ጥሩ ቡና የሚሸጡ ቤቶች የቀበሌውን ስም ሳይቀር ይጽፋሉ። በአንዲት ጠባብ ቡና ቤት መደርደሪያ ላይ «ኢትዮጵያ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ኮንጋ» የሚል ካርድ አይቻለሁ። ሰውየው ዐሥራ አምስት ግራም ያህል ቡና በሚዛን መዝኖ፣ የውኃውን ሙቀት ለክቶ፣ እንደ ፀበል ጠብ ጠብ እያደረገ ያጣራዋል። ጠጪውም አንድ ሲኒ ይዞ ብቻውን በዝምታ ይጠጣል። አቦል የለ፣ ቶና የለ፣ በረካ የለ፤ ጎረቤት ጥሩ የሚል የለ። ነገር ግን ያለ ወተት ስለሚጠጡት ለጾም ይሆናል። በየመንገዱ ካለው ማሽን በሳንቲም የሚገዛው የጣሳ ቡና ግን ብዙው ወተት አለበት።

አባትየው ቡና አምራች ስለሆኑ ሌላም ነገር ማወቅ ይገባቸዋል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓኖች ከኢትዮጵያ በመጣ ቡና ላይ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ቅሪት አግኝተው ግዢያቸውን በእጅጉ ቀነሱ፤ ነገሩ ሲመረመር ጥርጣሬው ያረፈው በገበሬው ላይ ሳይሆን ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነው። ቡናው ንጹሕ ሆኖ ሳለ በመያዣው ምክንያት ስንት ቤት ተጐዳ! በእነዚያ ሰዎች ቋንቋ የሚነጋገርና የሚጽፉትን የሚያነብ የኮንጋ ልጅ በዚያን ጊዜ አንድ እንኳ ቢኖር ኖሮ ጭንቀታችን ምንኛ በቀለለ ነበር። አባትየው ልጃቸውን ከቡና ለቀማ ጋራ አነጻጽረዋልና፣ ሒሳቡን በዚህም በኩል እንዲመለከቱት እጠይቃለሁ።

ከሌላው ሽርሽር ፉጂ ተራራን መውጣት ይወዳሉ። ከፍታው 3776 ሜትር ነው። ከራስ ዳሸን የሚያንስ ቢሆንም በረዶ ስላለበት የሚወጣው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። በባቡር ርቀው ሲሄዱ በየጣቢያው የዚያን አገር ምግብ በሣጥን ይሸጣል። ከጉዞ የሚመለስ ሰው ለሥራ ጓደኞቹ «ኦሚያጌ» የሚባል ስጦታ ሳይዝ አይመጣም፤ ብዙው ዕንቍላልና ወተት ያለበት ጣፋጭ ነው፤ በሁለት እጅ ተቀብሎ አመስግኖ ለፍስክ ቀን ማስቀመጥ ነው። ቆሻሻ መጣያ በመንገድ ላይ ስለማይገኝ ሁሉም የራሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን ልማድ ለጥምቀት ባሕራችን ዳርቻ ብመኝለት አይፈረድብኝም።

አንድ ሽርሽር ግን ከወዲሁ ላስጠንቅቅበት፤ «ኦንሰን» የሚባለው ፍል ውኃ። ወንዱ ከወንድ፣ ሴቷ ከሴት ተለይተው ይገባሉ፤ ነገር ግን ያለ አንዳች ልብስ ነው። ለእኛ ሴቶች ይህ ቀላል አይደለም። በተጨማሪም ንቅሳት ያለበትን ሰው ብዙ ኦንሰኖች አያስገቡም፤ በዚያ አገር ንቅሳት የወንበዴ ማኅበር ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ ነው። በግንባሯ ወይም በአንገቷ መስቀል የተነቀሰች ኢትዮጵያዊት ብትመለስ በእምነቷ ተንቃ እንዳይመስላት። በ2013 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከኒው ዚላንድ የመጣች የማኦሪ ሴት በአገጯ ንቅሳት ምክንያት ተከልክላ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ለብቻ የሚከራዩ መታጠቢያ ክፍሎች ያሉባቸው ቤቶች አሉ፤ በዚያ መግባት ይቻላል።

በናጋሳኪ ያለውን ግን ሳታይ አትመለስ። በዚያ ከተማ በ1597 ሃያ ስድስት ክርስቲያኖች ተሰቅለዋል። በ1614 ክርስትና በአገሩ ሁሉ ተከለከለ፤ ካህናቱ ተባረሩ፤ ያልወጡትም ተገደሉ። በእኛም አገር ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ያባረሩት ከዚያ ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ በኋላ ነው፤ የሁለቱን አገር ታሪክ ጎን ለጎን የሚያነብ ብዙ ያስተውላል። ከዚያ በናጋሳኪ ዙሪያ ያሉ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች ያለ ካህን፣ ያለ ቍርባን፣ ልጆቻቸውን ራሳቸው እያጠመቁ፣ ጸሎቱን በቃል ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቈዩ። በ1865 ጥቂቶቹ ወደ አዲሱ የኦውራ ቤተ ክርስቲያን መጥተው የማርያም ሥዕል የት እንዳለ ጠየቁ። ክልከላው የቀረው በ1873 ነው። በወገን ካቶሊኮች ናቸው፤ ነገር ግን እናት ለልጇ በጓዳ ያስተማረችው ጸሎት ይህን ያህል ዘመን መዝለቁን ለመመስከር ወገን መለየት አያስፈልግም።

ስለ ስንቁ፤ ቋንጣ እንዳይቋጠርላት። ማናቸውም የሥጋ ምግብ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ በአውሮፕላን ጣቢያው ይወሰድባታል፤ ቅቤውም ቢቀር ይሻላል። በርበሬ፣ ሽሮና የደረቀ ቡላ ለየብቻ በንጹሕ ከረጢት ታስሮ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ስትገባ ለተቈጣጣሪው «ይህን ይዣለሁ» ብላ ታሳይ፤ የሚፈቅዱትን ይለዩላታል። ጤፍ በቀላሉ ስለማይገኝ እንጀራውን በሩዝና በስንዴ ዱቄት መጋገር ትለማመድ፤ ምጣድ ይዛ አትሂድ፤ በሰፊ መጥበሻ ይሆናል። ነጠላዋን ግን እንዳትረሳ፤ የጸሎት መጽሐፏንም በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ትያዝ። ስለ ክረምቱ ልብስ፣ ስለ ቤት ኪራዩና የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ስለሚደረገው ነገር በሚመጣው ወር እጽፋለሁ።